ለደረቅ የአትክልት ቦታ የትኛው የሚያብብ ሳኩለንት ይሻላል? ስድስት ተክሎች ሲነጻጸሩ

ውሃ በሚያጥረው ቦታ ላይ አበባ ለማየት የፈለገ ሰው ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ይሄ ውሃ አይፈልግም።» አጠገቡ ስላለው ሲጠይቅም «እሱም አይፈልግም» ይባላል። ሻጩ አልዋሸም። ግን ይህ መልስ ለመምረጥ አያግዝም። ሳኩለንት የምንላቸው ተክሎች በሙሉ በቅጠላቸው፣ በግንዳቸው ወይም በሥራቸው ውሃ ይቋጥራሉ። ድርቅ መቻል የሁሉም የጋራ ጠባይ ነው።

ለዓመታት ስተክላቸውና ሲሞቱብኝም ሳይ የተረዳሁት ነገር አለ። የሚለያያቸው እርጥበትና ብርድ ነው። ስለዚህ «የትኛው ድርቅ ይችላል?» ከማለት ይልቅ «በእኔ ቦታ ከዓመቱ ውስጥ ለተክል በጣም የሚከፋው ጊዜ የቱ ነው? ያን ጊዜ የትኛው ተክል ያልፈዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

የማነጻጽራቸው ስድስት ናቸው፦ እሬት፣ ካላንቾ፣ ዴሎስፐርማ፣ ፖርቱላካ፣ የእሾህ አክሊልና አዴኒየም። ሁሉም ያብባሉ። ሁሉም በጥቂት ውሃ ይኖራሉ። አበባቸው፣ ጠባያቸውና የሚያመጡት ጣጣ ግን ለየቅል ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

*እርጥበት።* ትልቁ ይሄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

አብዛኛው ተክል በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ይከፍታል። ከእነዚህ ውሃ ቋጣሪዎች ብዙዎቹ ግን የሚከፍቱት ሌሊት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በጨለማ ያስገቡና በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል። ቀን ፀሐይ ስትወጣ ቀዳዳውን ዘግተው በዚያ ባስቀመጡት ይሠራሉ። በዚህ ዘዴ የሚተንባቸው ውሃ በጣም ያንሳል። ነገሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሌላ ገጽታ አለው። ተክሉ ውሃ የሚጠጣው በዝግታ ስለሆነ አፈሩ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ሥሩ አየር ያጣል። ከዚያ መበስበስ ይጀምራል። ብዙ ሳኩለንት የሚሞተው በጥም ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ተክል ከመግዛታችሁ በፊት አፈራችሁን ፈትኑ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። በውሃ ሙሉትና ሰርጎ እስኪያልቅ ጠብቁ። እንደገና ሙሉትና ውሃው በሰዓት ስንት እንደሚወርድ በማስመሪያ ለኩ። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ቦታው ውሃ ይይዛል ማለት ነው። እዚያ ላይ በቀጥታ ከመትከል አፈር ከፍ አድርጎ መደብ መሥራት ይሻላል።

*ብርድ።* በቅጠላቸው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ሕዋሱን ይሰነጥቀዋል። በማግስቱ ቅጠሉ የተቀቀለ ይመስላል። አንድ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ቦታ ካላችሁ ከስድስቱ ብዙዎቹ መሬት ላይ ሊተከሉ አይችሉም።

*አበባው።* ቀለሙን ሁሉም ሰው ያያል። ግን ሦስት ነገር ጠይቁ። ከተተከለ በኋላ ለማበብ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ስንት ጊዜ ይቆያል? እናንተ ቤት በምትሆኑበት ሰዓት ይከፈታል ወይ? ሦስተኛውን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ብዙም አላየሁም። ከስድስቱ ሁለቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አበባቸውን ይዘጋሉ። ማለዳ ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው እነዚህን መትከል የታጠፈ ምንጣፍ እንደመግዛት ነው።

*አደጋ።* ትንሽ ልጅ፣ ውሻ፣ ድመት ወይም ከብት ካለ ይህ መመዘኛ ከአበባው ይቀድማል።

*ወጪ።* ዋናው ነገር መነሻው ነው። ከዘር፣ ከግንጣይ ወይስ ካደገ ተክል? አንዳንዱ ጎረቤት ከሰጣችሁ አንድ ግንጣይ ይነሳል። አንዳንዱ ደግሞ ዓመታት የተለፋበት ስለሆነ ውድ ነው።

እሬት

እሬት አንድ ተክል አይደለም። ከ500 በላይ ዝርያ አለው። ከጭብጥ የማይበልጥም፣ ዛፍ የሚያህልም አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው አሎ ቬራ የተባለው ቢጫ አበባ ያወጣል። ብርቱካናማና ቀይ የሚያብቡት ሌሎቹ ናቸው። ስለዚህ ለአበባ ብላችሁ ከገዛችሁ ሲያብብ ያያችሁትን ተክል፣ ወይም ከእሱ የወጣ ችግኝ ውሰዱ።

የእሬት አበባ ቀጥ ብሎ በሚወጣ ዘንግ ላይ የሚንጠለጠሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ስብስብ ነው። በውስጡ የአበባ ማር አለ። ንብና ረጅም መንቁር ያላቸው ወፎች ይመጡበታል። በእኔ ዓይን ከስድስቱ አንድን ቦታ ሕይወት የሚዘራበት ይሄ ነው።

ድክመቱ ትዕግሥት መጠየቁ ነው። ከትንሽ ችግኝ የተነሳ አሎ ቬራ እስኪያብብ ሦስት አራት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አበባውም የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቀሪውን ጊዜ የምታዩት ቅጠሉን ነው። ጥላ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ቅጠሉ ያምራል እንጂ አያብብም። ድንገት ከጥላ ወደ ጠራራ ፀሐይ ከወጣ ደግሞ ይቀላል፣ ይጠወልጋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ አለማምዱት።

በቅጠሉ ልጣጭ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ሆድ ያስቀምጣል፤ ለውሻና ለድመትም ጥሩ አይደለም። ሌላው ጥቅሙ ወጪው ነው። ጎልማሳ እሬት እግሩ ሥር ልጆች ያፈላል። እነሱን ከነሥራቸው ነቅሎ መትከል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ቃጫ የሚወጣበትን አጋቬ ከእሬት ጋር የሚያምታቱ አሉ። ቅጠሉን ስበሩት። አጋቬ ጭረቱ አልበጠስ ይላል፤ እሬት ቀጭ ብሎ ይሰበርና ዝልግልግ ፈሳሹ ይታያል። ልዩነቱ ለአበባ ፈላጊ ትልቅ ነው። አጋቬ ለብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ካበበ በኋላ ያበበው ግንድ ይሞታል። እሬት ግን በየዓመቱ ያብባል።

ካላንቾ

እንዳሁላን የምታውቁ ዘመዱን ታውቃላችሁ ማለት ነው። በየአበባ መሸጫው የሚታየው ባለብዙ ቀለም ዓይነት ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ብሎስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1932 ለአበባ ወዳዶች ካስተዋወቀው ወዲህ በእሱ ስም ይጠራል።

አበባው ጥቃቅን ነው። ግን በአንድ ላይ ተሰብስቦ ስለሚያብብ ከሩቅ ይታያል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። ሙሉ ቀን ፀሐይ የማያገኝ ቦታ ላይም ይሆናል። ከስድስቱ በረንዳና መስኮት ላይ በተሻለ የሚኖር ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርረው «ስገዛው አብቦ ነበር፣ ከዚያ በኋላ እንቢ አለኝ» ብሎ ነው። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ካላንቾ እምቡጥ ለመያዝ ረጅም ሌሊት ይፈልጋል። የመንገድ ወይም የሳሎን መብራት ሌሊቱን ከቆረጠበት ቅጠል ብቻ ያበዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከማምሻው ጀምሮ ለ14 ሰዓት ካርቶን ድፉበት። ቀን ላይ አንሱለት። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

መርዛማነቱን አታቅልሉት። ልብን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው። ከብትም ውሻም ድመትም ከበላው ሊታመም፣ ከበዛም ሊሞት ይችላል።

ዴሎስፐርማ

ለመሬት ማልበሻ ከስድስቱ የምመርጠው እሱን ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ነው። ወደ ጎን ግን እየተንሰራፋ ይሄዳል። በብዛት የሚገኘው ዝርያ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። ደማቅ ሐምራዊ አበባው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሙቀት ባለበት ወቅት በሙሉ ለወራት ያብባል። የዘር ቋቱም የሚገርም ነው። ሲደርቅ ይዘጋል፤ ዝናብ ሲነካው ተከፍቶ ዘሩን ይበትናል።

ብርድ በመቻል አቻ የለውም። አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ እንኳ ያልፋል። «እስከሆነ ድረስ» የምትለዋን ያዙልኝ። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ከመጡበት መሐሉ ይበሰብሳል። ተዳፋት መሬት፣ የድንጋይ ካብ ጠርዝ፣ ጠጠር የበዛበት ቦታ ለእሱ ተመራጭ ነው። ዋልካ አፈር ላይ አትልፉ።

አበባው ማታና በደመና ቀን ይዘጋል። ስትገዙም ስሙን አጣሩ። ካርፖብሮተስ የሚባል ወፍራም ባለሦስት ማዕዘን ቅጠል ያለው ዘመድ አለው። ያ ተክል በካሊፎርኒያና በሜዲትራኒያን የባሕር ዳርቻዎች የአገሬውን ተክል እያፈነ ያስቸገረ ወራሪ ነው። ቶሎ መሬት ይሸፍናል ተብሎ ሲሰጣችሁ እንቢ በሉ።

ፖርቱላካ

ኪስ ሳይጎዳ ቶሎ አበባ ለማየት ከእሱ የሚቀድም የለም። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አፈር አታልብሱት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ላዩ ላይ በትኑትና በእጅ መዳፍ ጫን አድርጉት። በሁለት ወር ገደማ ያብባል። ቀዩ፣ ቢጫው፣ ነጩ፣ ሮዙ አንድ መደብ ላይ ተቀላቅሎ ሲታይ ዓይን ይስባል። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ደቡብ ብራዚል።

ዕድሜው አንድ ወቅት ነው። ውርጭ ይገድለዋል። ግን ዘሩን ራሱ ስለሚያራግፍ በሚቀጥለው ዓመት ብቅ ሊል ይችላል። አንዷ አበባ የምትቆየው ለአንድ ቀን ነው። በማግስቱ ሌላዋ ትተካለች። እሱም ማታና በደመና ይዘጋል። ብዙ ከበሉት ውሻና ድመትን ሊጎዳ ይችላል።

የእሾህ አክሊል

ይህ የቁልቋል ዘመድ ነው። እሾህ ያለውን ሁሉ ቁልቋል እንላለን፤ ግን ቁልቋልና ካክተስ የተለያየ ቤተሰብ ናቸው። መለያው ወተቱ ነው። የእሾህ አክሊል ሲቆረጥ እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት ያፈሳል። ማዳጋስካር የበቀለ ነው። የሬዩኒየን ደሴት ገዥ የነበረው ባሮን ሚሊየስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ ፈረንሳይ አስገባው። የሳይንስ ስሙም የተወሰደው ከእሱ ነው።

አበባ ሳያቋርጥ ማየት ለሚፈልግ መልሱ ይሄ ነው። ሙቀትና ፀሐይ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ያብባል። ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ የሚታየው እውነተኛው አበባ አይደለም። አበባው መሐል ላይ ያለው ትንሹ ነገር ነው፤ ቀለም ያላቸው ሁለቱ ቅጠሎች አጃቢዎቹ ናቸው። ቶሎ የማይረግፉትም ለዚህ ነው። እስከ 1.8 ሜትር ሊያድግ ስለሚችል ለአጥር ይሆናል። ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ካገኘ ዝናብም ያን ያህል አያስፈራውም።

ዋጋው እሾሁና ወተቱ ነው። ወተቱ ቆዳ ያሳክካል። ዓይን ከነካ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስትገርዙት ጓንትና መነጽር አድርጉ። ልጆች በሚሮጡበት መንገድ ዳር አትትከሉት። ብርድ አይወድም፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደስ ይለዋል።

አዴኒየም

የበረሃ ጽጌረዳ ይሉታል እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። ያበጠ ግንዱ ውሃ ይቋጥራል። አበባው ትልልቅ ነው። በአፍሪካ ደረቅ አካባቢዎችና በዓረብ ልሳነ ምድር ይበቅላል። ከስድስቱ በጣም የምወደው እሱን ነው። በጣም የጎዳሁትም እሱን ነው።

የመጀመሪያውን ተክሌን የገደልኩት አዝኜለት ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉን አራገፈ። ተጠማ ብዬ ውሃ ጨመርኩ። አሁንም ሲያራግፍ አሁንም ጨመርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግንዱን ስጫነው ጣቴ ገባ። ተክሉ ተኝቶ ነበር። ሲቀዘቅዝ ያርፋል፤ በእረፍቱ ጊዜ ውሃ መርዙ ነው። በሙቀት ጊዜ ግን ተቃራኒው ነው። ቅጠል ሲያወጣ ሰው ከሚገምተው በላይ ይጠጣል። ስለዚህ ቀን ቆጥሮ ውሃ ለሚያጠጣ ሰው አይሆንም። ተክሉን አይቶ ለሚወስን ሰው ነው።

ከ10 ዲግሪ በታች ውጭ አታሳድሩት። ሲተከልም ምርጫ አለ። ከዘር የተነሳ ያን የሚያምር ወፍራም ግንድ ይሠራል። ከግንጣይ የተነሳ በተመሳሳይ ዕድሜ እንደዚያ አይወፍርም። ሻጩን የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይሄ ይሁን። ፈሳሹ ልብ የሚጎዳ መርዝ ነው። በአፍሪካ ለቀስት መርዝ ይጠቀሙበት የነበረ ነው። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

በአጭሩ በሰንጠረዥ

| ተክል | እርጥብ አፈር | ብርድ | አበባው | አደጋው | ቀላሉ መነሻ |
|---|---|---|---|---|---|
| እሬት | መጠነኛ ይችላል | ውርጭ ይጎዳዋል | በዓመት ጥቂት ሳምንት | መጠነኛ | የእግሩ ልጆች |
| ካላንቾ | ቶሎ ይበሰብሳል | አይችልም | ከ6 እስከ 8 ሳምንት | ለእንስሳት ከፍተኛ | ግንጣይ |
| ዴሎስፐርማ | በብርድ ጊዜ አይችልም | በጣም ይችላል | ለወራት፣ ቀን ብቻ | በመርዝነት አይታወቅም | ግንጣይ |
| ፖርቱላካ | አይወድም | አይችልም | አንድ ወቅት፣ ቀን ብቻ | ዝቅተኛ | ዘር |
| የእሾህ አክሊል | ከሌሎቹ ይሻላል | አይችልም | ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል | እሾህና ወተት | ግንጣይ |
| አዴኒየም | በእረፍቱ ጊዜ ይገድለዋል | አይችልም | በሙቀት ወቅት ደጋግሞ | ከፍተኛ መርዝ | ዘር ወይም ያደገ ተክል |

ታዲያ የቱን?

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ፖርቱላካ ዝሩ፤ እሬት ከሰው ለምኑ። አንዱ ዘንድሮ ያብባል፣ ሌላው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደርሳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ጥምረት አላውቅም።

ውርጭ የሚጥል ቦታ ላላችሁ ምርጫው ዴሎስፐርማ ነው፤ ሌሎቹን በመትከያ ዕቃ አድርጋችሁ በብርድ ጊዜ ታስገባላችሁ። ዝናብ ለወራት የሚዘንብበትና የማይበርድ ቦታ ከሆነ የእሾህ አክሊልን በከፍታ መደብ ላይ ትከሉ። ትንንሽ ልጆችና እንስሳት ያሉበት ቤት ግን የእሾህ አክሊልን፣ አዴኒየምንና ካላንቾን እንዲተው እመክራለሁ። በረንዳ ብቻ ያለውና እንስሳ የሌለው ሰው ካላንቾ ይያዝ። ማታ ብቻ ቤት የምትገኙ ሰዎች ዴሎስፐርማንና ፖርቱላካን እለፏቸው።

አዴኒየም ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሌሎቹን ቢያንስ ሁለት ዓመት ካሳደገ በኋላ ቢሆን ይሻላል። የወፍራም ግንዱ ዋጋ የዕድሜው ዋጋ ነው። በአንድ ሳምንት ስህተት ግን ይጠፋል። ትንሹን ችግኝ ገዝቶ አብሮ መማር ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ

አፈሩን አንድ እጅ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጠጠር ወይም ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አድርጉ። ዋልካ ላይ ትንሽ አሸዋ ጨምሮ መተው አይረዳም፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በመትከያ ዕቃ ታች ጠጠር መደልደልም ውሃውን ቶሎ አያወጣውም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ድብልቁ ራሱ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን፤ ከታችም ቀዳዳ ይኑረው።

ውሃ ስታጠጡ እስኪወርድ አጠጡ። ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ ተዉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ ሥሩም ወደ ታች አይወርድም። መድረቁን ለማወቅ ቀጭን እንጨት ሰክታችሁ አውጡ። እርጥብ አፈር ከያዘ ጠብቁ።

ግንጣይ የምትተክሉ ከሆነ ቁራጩን ወዲያው መሬት አታስገቡ። ጥላ ላይ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን አስቀምጡትና ቁስሉ ይድረቅ። የእሾህ አክሊል ከሆነ መጀመሪያ ወተቱ እስኪቆም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከተከላችሁም በኋላ ሥር እስኪይዝ ድረስ ውሃ በስሱ ይሁን። ቀስ ብላችሁ ሳብ ስታደርጉት ካልተነቃነቀ ይዟል።

ቅጠሎቹ መገናኛ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። በጥጥ ላይ አልኮል አድርጋችሁ አንድ በአንድ ጥረጉት። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ እንቁላሉ ይቀራልና።